ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዐይነቶችና ስለ አመጣጣቸው

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። አንድን ትምህርት በሚገባ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ደንቡን በቃሉ መያዝ ብቻ አይበቃውም፤ ደንቡ ከምን እንደ ተነሣና ስለ ምን እንደ ጸና መመርመር ይገባዋል። እኛ በተማሪ ቤት ሳለን የእንግሊዝኛን ሰዋስው የተማርነው በዚህ መንገድ አልነበረም። የዓረፍተ ነገር ዐይነቶች አራት መሆናቸውን፥ እነዚህም ሐተታ፥ ጥያቄ፥ ትእዛዝና አንክሮ መባላቸውን አጥንተን፥ መምህራችን በጠየቁን ጊዜ ሁሉ ሳናዛንፍ እንቆጥር ነበር። ይህም ለፈተና በቅቶናል። ነገር ግን ስማቸውን ማወቅና እነርሱን ማወቅ የተለያየ ነገር መሆኑን የተረዳነው ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት ሥራ ላይ ከተሰማራን በኋላ ነው።

ይህን ያስተማረችን አንዲት ደብዳቤ ናት። ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት፥ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልግ የአንድ ዕቃ የዋጋ ዝርዝር እንዲላክ ወደ ውጭ አገር ነጋዴ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ ታዘዝን። በአማርኛ የተሰጠን ረቂቅ «የዋጋውን ዝርዝር በቶሎ ይላኩልን» የሚል ነበር። እኛም ቃል በቃል ገልብጠን «ሰንድ አስ ዘ ፕራይስ ሊስት አት ዋንስ» ብለን ጻፍን። በሰዋስው በኩል ስሕተት አልነበረበትም፤ የቃላቱ አጻጻፍም ሆነ ነጥቡ ልክ ነው። መልሱ ግን ዘግይቶ መጣ፤ በመጣም ጊዜ አጭርና ደረቅ ሆኖ ተገኘ። በዕድሜም በሥራም የሚበልጡን አንድ ባልደረባ የደብዳቤያችንን ግልባጭ አስመጥተው ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ አንተ የጻፍኸው ልመና መስሎሃል፤ ያ ሰው ያነበበው ግን ጌታ ለአሽከሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ ነው» አሉን። እኛም አፍረን ዝም አልን። በአማርኛው ትሕትና የነበረው ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ትሕትናው በምን ጠፋ? በማለት ግን ያን ጊዜ የጀመርነው ምርመራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ ይህችም ጽሑፍ ከዚያ የተገኘች ፍሬ ናት።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእንግሊዝኛ ቃል በምናነሣበትም ጊዜ ድምፁን በፊደላችን ጽፈን ትርጓሜውን እናስከትላለን።

በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የሚለውን ስም እንመልከት። ዓረፍተ ነገር ማለት የነገር ማረፊያ ማለት ነው። ተናጋሪው ሐሳቡን ጀምሮ እስኪጨርስ ሰሚው ይጠብቃል፤ ሐሳቡ ሲፈጸም ሁለቱም ያርፋሉ። ተናጋሪው ሐሳቡን ወደ ዕረፍቱ የሚያደርስበት ፈቃድ ግን አንድ ዐይነት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሊያስታውቅ፥ አንድ ጊዜ ሊጠይቅ፥ አንድ ጊዜ ሊያዝዝ ይፈልጋል። ይህን አስተውለው በመከፋፈል ከታወቁት የጥንት ሰዎች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ አገር መምህር ፕሮታጎራስ ነው። እርሱ ንግግርን ምኞት፥ ጥያቄ፥ መልስና ትእዛዝ ብሎ በአራት እንደ ከፈለ ይነገርለታል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው አርስጣጣሊስም እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችለው ሐተታ ብቻ እንደ ሆነ፥ ጸሎት ግን ምንም እንኳ ምሉዕ ንግግር ቢሆን እውነትም ሐሰትም ሊባል እንደማይችል ጽፏል።

እንግዲህ ማስታወቅ፥ መጠየቅ፥ ማዘዝና መደነቅ የእንግሊዞች ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ልዩነቱ፥ እያንዳንዱ ቋንቋ እነዚህን ፈቃዶች የሚለይበት ምልክት የተለያየ መሆኑ ላይ ነው። በግእዝ «ነገረ» ቢል ያለፈ፥ «ይነግር» ቢል ትንቢት፥ «ይንግር» ቢል ትእዛዝ ነው፤ ሐተታውና ትእዛዙ በራሱ በአንቀጹ ውስጥ ተለይተው ይታወቃሉ። ለመጠየቅም «ኑ» ወይም «ሁ» የምትባለውን ቅጥያ መጨመር ይበቃል። አድራጊውንና ተደራጊውን ለመለየት ደግሞ የስሙ መጨረሻ ይለወጣል። «ርእየ ንጉሥ ጳጳሰ» ሲል ያየው ንጉሡ ነው፤ «ርእየ ንጉሠ ጳጳስ» ሲል ግን ያየው ጳጳሱ ነው። የቃላቱ ተራ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነገሩን ሁሉ ገለበጠችው። በአማርኛችንም «ንጉሡ ጳጳሱን አየ» ብንል፥ «ጳጳሱን ንጉሡ አየ» ብንልም፥ «ን» የተባለችው ተሳቢዋን እየለየች ስለምትሰጠን አንሳሳትም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንሻገር። ብዙ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ ዛሬ እንደምናየው የነበረ ይመስላቸዋል፤ እኛም እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከጀርመንና ከዴንማርክ ጠረፍ የተነሡት አንግሎችና ሳክሶኖች በ5ኛው መቶ ዓመት ወደ ብሪታንያ ይዘውት የገቡት፥ ንጉሥ አልፍሬድም ከ871 እስከ 899 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን ከላቲን መጻሕፍት ያስተረጐመበት የጥንቱ እንግሊዝኛ፥ በዚህ ረገድ ከዛሬው እንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ የሚቀርብ ነበር። በዚያ ቋንቋ «ሴ ኪኒንግ የሴአኽ ሶነ ቢሾፕ» ማለት ንጉሡ ጳጳሱን አየ ማለት ነው። «ሶነ ኪኒንግ የሴአኽ ሴ ቢሾፕ» ሲሉ ግን፥ ንጉሥ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ቢቀመጥም፥ ንጉሡን ያየው ጳጳሱ ነው። «ሴ» የባለቤት፥ «ሶነ» የተሳቢ ምልክት ስለ ሆኑ ቃላቱ ስፍራ ቢለዋወጡ ሰሚው አይደናገርም። በጥገኛ ዓረፍተ ነገርም አንቀጹ እንደ አማርኛችን ወደ መጨረሻው መሄድ ያዘወትር ነበር።

ይህ ሁሉ ምልክት በሁለት መከራ ዘመን ውስጥ አልፎ ጠፋ። ከ793 ዓ.ም. ጀምሮ ከስካንዲናቪያ የመጡ የባሕር ወራሪዎች የእንግሊዝን ጠረፍ መዝረፍ ጀመሩ፤ ቈይተውም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ሰፈሩ። ቋንቋቸው ከእንግሊዝኛ ጋር ዘመዳሞች ስለ ነበሩ ሥረ ቃሉ ይመሳሰላል፤ መጨረሻው ግን ይለያያል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሕዝቦች በገበያና በእርሻ፥ በጋብቻም ሲገናኙ የሚያግባባቸውን ሥሩን ይዘው የሚለያያቸውን መድረሻ ማቅለላቸው የተፈጥሮ ነገር ነው። ብዙ ሊቃውንት የእንግሊዝኛ ቅጥያ መርገፍ በዚህ ምክንያት እንደ ተፋጠነ ያምናሉ። ከዚያም በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ ፈረንሳይኛ፥ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ላቲን ሲነገር እንግሊዝኛ የገበሬና የአሽከር ቋንቋ ሆነ። የሚጠብቀው ጸሐፊ ያጣ ቋንቋም በሕዝቡ አፍ እየተለሳለሰ ሄደ። በ1362 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ በወጣ ጊዜ፥ ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ የዘመኑን ሁኔታ ይገልጻል።

እንግሊዝኛ ከተዋረደበት ሲነሣ የቀድሞ ልብሱን ለብሶ አልተነሣም። «ሴ» እና «ሶነ» ሁለቱም ቀርተው በስፍራቸው አንዲት «ዘ» ብቻ ቆመች። ዛሬ ከዚያ ከጥንቱ ሀብት የተረፈው «ሂ» እና «ሂም»፥ «ሁ» እና «ሁም» በመሳሰሉት በጥቂት ተውላጠ ስሞች ላይ የሚታየው ነው። ምልክቱ ከጠፋ ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው ምንድን ነው? አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እርሱም ስፍራ ነው። «ዘ ኪንግ ሶው ዘ ቢሾፕ» ቢሉ ያየው ንጉሡ ነው፤ «ዘ ቢሾፕ ሶው ዘ ኪንግ» ቢሉ ያየው ጳጳሱ ነው፤ በቃላቱ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ወንበራቸው ነው። በእኛ አገር ግብር ሲበላ መኳንንቱ እንደ ማዕርጋቸው እንደሚቀመጡና እንግዳ የሆነ ሰው ከልብሳቸው ይልቅ በመቀመጫቸው እንደሚለያቸው፥ የእንግሊዝኛ ቃላትም በመቀመጫቸው የሚታወቁ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ የሐተታ ዓረፍተ ነገር ደንብ ጸና፤ ባለቤት ይቀድማል፥ አንቀጽ ይከተላል፥ ተሳቢ ከኋላ ይመጣል። ይህ ደንብ ሊቃውንት ተሰብስበው ያወጁት ሳይሆን የጠፋውን ምልክት ለመተካት ሕዝቡ በረጅም ዘመን ያበጀው ነው።

የጥያቄውም ታሪክ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንት ዘመን እንግሊዞች ሊጠይቁ ሲፈልጉ አንቀጹን ከባለቤቱ ፊት ያስቀድሙ ነበር። «ዩ ኖው ሂም» ታውቀዋለህ ማለት ሲሆን «ኖው ዩ ሂም?» ሲሉ ታውቀዋለህን? ማለታቸው ነበር። አሉታውንም «አይ ኖው ኖት» ማለት አላውቅም ይሉ ነበር። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ ይሁን እንጂ ከ1564 እስከ 1616 ዓ.ም. የኖረው ሼክስፒር ይህንንም አዲሱንም መንገድ እየቀላቀለ ይጠቀምባቸው ነበር። አዲሱ መንገድ «ዱ» የምትባለውን ረዳት ግሥ ማስገባት ነው፤ «ዱ ዩ ኖው ሂም?»፥ «አይ ዱ ኖት ኖው» እንደሚባለው ያለ ነው። «ዱ» በራሷ ማድረግ ማለት ናት፤ በዚህ ስፍራ ግን ትርጓሜዋን ትታ የጥያቄና የአሉታ ምልክት ተሸካሚ ብቻ ሆነች።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ? ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የባለቤትና የአንቀጽ ተከታትሎ መቀመጥ እየጸና በሄደ መጠን ዋናውን አንቀጽ ከስፍራው አንሥቶ ወደ ፊት ማዛወር ለጆሮ እንግዳ እየሆነ ሄደ። ስለዚህ ዋናው አንቀጽ ከባለቤቱ ኋላ በስፍራው እንደ ተቀመጠ፥ ወደ ፊት የሚላክ ሎሌ ተፈለገለት፤ እርሷም «ዱ» ሆነች። «ካን»፥ «ዊል»፥ «ኢዝ» የሚሉትን የመሳሰሉ ግሦች ግን ራሳቸው ሎሌዎች ስለ ሆኑ ሌላ ሎሌ አላስፈለጋቸውም። የስዊድን አገር ሊቅ አልቫር ኤሌጎርድ በ1953 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ይህን ለውጥ ከብዙ የቀድሞ ጽሑፎች እየቆጠረ ተከታትሎ፥ «ዱ» በአሉታ ሐተታ ከመስፋፋቷ በፊት በጥያቄ ውስጥ እንደ ተስፋፋች አሳይቷል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አዲሱ መንገድ አብዛኛውን ስፍራ ይዞ ነበር። አንድ የኛ አገር ተማሪ «ዱ» እና «ዳዝ» ቢያስቸግሩት ሊያፍር አይገባውም፤ ራሳቸው እንግሊዞችም ይህን ደንብ እስኪጨርሱት ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

አሁን እኛን ወዳሳፈረን ወደ ትእዛዙ ደረስን። በእንግሊዝኛ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን አይጠራም፤ ባዶውን አንቀጽ ያስቀድማል። «ሰንድ» ማለት ላክ፥ ላኪ፥ ላኩ፥ ይላኩ ማለት ነው። እኛ በአማርኛ ልጅን ስናዝዝ «ላክ»፥ ታላቅን ሰው ስንለምን «ይላኩ» እንላለን፤ አክብሮቱ በአንቀጹ ውስጥ ተሸምኖ ስለሚገኝ ሌላ ማጀቢያ ሳይፈልግ ይታወቃል። በጥንቱ እንግሊዝኛም ለአንድና ለብዙ ሰው የሚነገረው ትእዛዝ በመድረሻው ይለያይ ነበር። ቈይቶም በመካከለኛው ዘመን፥ በፈረንሳይኛ ምሳሌነት፥ ለአንድ ሰው የሚነገረውን «ዛው» እንደ አንተ፥ ለብዙ ሰው የሚነገረውን «ዩ» እንደ እርስዎ አድርገው ታላቅን ከታናሽ ይለዩበት ጀመር። ነገር ግን አክብሮቱ ከላይ ወደ ታች እየሰፋ ሄዶ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ሁሉ «ዩ» ሲባል «ዛው» ከተራ ንግግር እየወጣች ቀረች። በዚያው ዘመን ጆርጅ ፎክስ የመሠረተው የኩዌከሮች ማኅበር ምእመናን፥ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው በማለት ለባለሥልጣን ሳይቀር «ዛው» እያሉ በመናገራቸው ብዙ ቍጣ ደርሶባቸዋል።

ሰው ሁሉ እርስዎ በተባለ ጊዜ እርስዎ ማለት ክብርነቱ ቀረ። እንደሚመስለን፥ ደብዳቤያችንን ያበላሸው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ አንቀጽ አክብሮትን የሚሸከምበት መድረሻ ስለሌለው፥ አክብሮቱ ከአንቀጹ ወጥቶ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ዐይነት ተዛወረ። ትሑት እንግሊዛዊ ትእዛዙን በጥያቄ መልክ ያቀርበዋል፤ «ኩድ ዩ ሰንድ አስ ዘ ፕራይስ ሊስት?» ይላል። ቃሉን ብቻ ብንመለከት ልትልኩልን ይቻላችሁ ይሆን? ማለት ነው፤ ሰሚው ግን ይቻለኛል ብሎ ዝም አይልም፥ ዝርዝሩን ይልካል። መልኩ ጥያቄ፥ ፈቃዱ ልመና ነው። አንዳንድ ጊዜም በሐተታ መልክ «ዊ ሹድ ቢ ግሬትፉል» ብሎ፥ ብትልኩልን ምስጋናችን ታላቅ ነው እንደ ማለት ይጽፋል። እንግዲህ የዓረፍተ ነገር መልክና የተናጋሪው ፈቃድ ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ዋና ነገር ነው። አራቱን ስሞች በቃል የያዘ ተማሪ ይህን ካልተማረ፥ እንደኛ ሰዋስው ሳይሳሳት ሰው ያስቀይማል።

አራተኛው የአንክሮ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህም የስፍራን ኀይል ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። «ሃው ቶል ኢዝ ሂ?» ቢሉ ቁመቱ ምን ያህል ነው? ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ሃው ቶል ሂ ኢዝ!» ቢሉ ግን ምን ያህል ረጅም ነው! ብሎ መደነቅ ነው። አራቱም ቃላት አንድ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወንበር ቢለዋወጡ ጥያቄው አንክሮ ሆነ። ብዙዎቻችን ስንጽፍ በዚህ ስፍራ የምንሳሳተው በአማርኛ «ምን ያህል ረጅም ነው» የሚለው ለጥያቄም ለአንክሮም ሳይለወጥ ስለሚያገለግልና ልዩነቱን ለድምፅና ለምልክት ስለምንተው ነው።

ሕዝቡ ቋንቋውን በዚህ አኳኋን ሲያበጅ፥ የሰዋስው ጸሐፊዎች የሚያዩት ወደ ሌላ ወገን ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሰዋስው ማለት የላቲን ሰዋስው ማለት ነበር፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛም ዊልያም ሊሊ ከሌሎች ጋር ያዘጋጀው የላቲን ሰዋስው በትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሠራበት አዝዞ ነበር። በ1586 ዓ.ም. ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ባሳተመ ጊዜ ዓላማው እንግሊዝኛም እንደ ላቲን ደንብ ያለው ቋንቋ መሆኑን ማሳየት ስለ ነበረ፥ የሊሊን መጽሐፍ ምሳሌ አድርጎ ተከተለ። ከዚህ የተነሣ እንግሊዝኛ ያልለበሰውን ልብስ ለብሷል መባሉ አልቀረም። በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር የነበረው ጆን ዎሊስ በ1653 ዓ.ም. ባወጣው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ይህን ነቅፏል፤ ከእርሱ በፊት የጻፉት እንግሊዝኛን በላቲን መለኪያ አስገድደው እንደ ለኩት አመልክቷል። የሚያስደንቀው ግን ይህን ነቀፋ የያዘው መጽሐፉ ራሱ በላቲን የተጻፈ መሆኑ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ሰዋስዎች አወጡ። በኋላ በኬሚስትሪ ምርምሩ ስሙ የተጠራው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1761 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የቋንቋ ዳኛው የሕዝቡ ልማድ ነው አለ። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆኑት ሮበርት ሎውዝ በ1762 ዓ.ም. ባሳተሙት ግን ታላላቆቹን ደራስያን ሳይቀር እየጠቀሱ ስሕተት ያሉትን አረሙ። በትምህርት ቤቶች የበለጠ የተከተሉት የሎውዝን መንገድ ነው።

ይህንንም መንገድ ለዓለም ያደረሰው ሊንድሊ መሪ ነው። በ1745 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ተወልዶ በኒው ዮርክ በጥብቅናና በንግድ ከሠራ በኋላ፥ ስለ ጤናው ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዮርክ ከተማ አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ የኩዌከሮች የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ፤ መምህራኑም የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ቢቸግራቸው እንዲጽፍላቸው ለመኑት፤ እርሱም በ1795 ዓ.ም. ሰዋስውን አወጣ። ለጥቂት ልጃገረዶች የተጻፈው መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ እየታተመ ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤቶች መሪ ሆነ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነጠላው ዓረፍተ ነገር የተከፈለው በሦስት ነው፤ የሚያስረዳ፥ የሚጠይቅና የሚያዝዝ ተብሎ። እኛ አራት ብለን የቆጠርነው በመሪ ዘንድ ሦስት ብቻ ነበር፤ አንክሮ አራተኛ ሆኖ መቆጠሩን በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ እየለመደ የሄደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። መሪ በአሠራር በኩል የለያቸው ነጠላና ድርብ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ ውስብስብ የሚባለው ሦስተኛው ክፍልም የተጨመረው በኋላ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሊቃውንት ከመለኪያው ይልቅ የሚለካውን ነገር መመልከት ጀመሩ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪስ ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ በመሣሪያ የተቀዳ 50 ሰዓት ያህል ንግግር መርምሮ በ1952 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝኛ አሠራር አንድ መጽሐፍ አወጣ። ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? ለሚለው ጥያቄ ከ200 የሚበልጥ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ተሰጥቶ እንደ ነበረ ካመለከተ በኋላ፥ እርሱ ዓረፍተ ነገርን የለየው በሰሚው ሥራ ነው፤ ሰሚውን በቃል የሚያስመልስ፥ ሰሚውን ሥራ የሚያሠራ፥ ሰሚው እያዳመጠ እንዲከታተለው የሚያደርግ ብሎ። ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በጃፓን አገር ሲያስተምር ባገኘው ልምድ፥ በ1954 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ግሥ ከተከታዮቹ ጋር የሚቀመጥበትን መንገድ በ25 ክፍል ዘርዝሮ ለውጭ አገር ተማሪዎች አቀረበ። ራንዶልፍ ኲርክና ሦስት ባልደረቦቹ በ1985 ዓ.ም. ባወጡት ታላቅ ሰዋስው ግን የአቀማመጡን መሠረት ወደ ሰባት ሰብስበውታል። አራቱን ዐይነቶችም ሲያጠኑ የአሠራሩ ስም ሌላ፥ የሚሰጠው አገልግሎት ስም ሌላ እንዲሆን ለይተዋል። እኛ ከአንድ ደረቅ ደብዳቤ የተማርነውን እነርሱ በደንብ አድርገው ጻፉት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ከጠላት ወረራ በፊት በትምህርት ቤቶቻችን ፈረንሳይኛ ታላቅ ስፍራ ነበረው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ በስፍራው ገባ፤ ዛሬም በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዕውቀት የሚቀዳበት ማድጋ እርሱ ነው። ብዙ ልጅ የሒሳብ ወይም የሳይንስ ዐእምሮ ሳያንሰው፥ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር በሚገባ ባለማንበቡ ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ መምህራን ስሞቹን ከማስቆጠር አስቀድመው አንዱን ሐሳብ በአራት ወንበር አስቀምጠው ቢያሳዩ፥ ከዚያም ይህ መልክ ለማን፥ በምን ጊዜ ይነገራል? ብለው ቢያስተምሩ፥ ተማሪው ደንቡን እንደ ባዕድ ሕግ ሳይፈራ እንደ ሰው ሥራ ያውቀዋል። የአማርኛው «ን» ያደረገችውን በእንግሊዝኛ ስፍራ እንደሚያደርገው የተነገረው ልጅ፥ ከማያውቀው ወደማያውቀው ሳይሆን ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይሻገራል።

ሌላም ጥቅም አለው። እንግሊዞች ቋንቋቸውን በላቲን ክንድ ሲለኩ ረጅም ዘመን እንደ ኖሩ አይተናል። የአማርኛ ሰዋስውም በመጀመሪያ በማተሚያ የወጣው በ1698 ዓ.ም. ሂዮብ ሉዶልፍ በጀርመን አገር በላቲን ጽፎት ነው፤ ለዚህም ሥራ ትልቁን ዕውቀት ያገኘው ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ኋላም ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሳሰሉ ሊቃውንት የአማርኛን ሰዋስው በአማርኛ ጽፈውልናል። እንግዲህ እኛ እንግሊዝኛን በሚገባ እንማር፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ዱ» አለ ብለን አማርኛን ደኻ አናድርገው፤ በአማርኛም አክብሮት በአንቀጽ ውስጥ አለ ብለን እንግሊዞችን ባለጌ አናድርጋቸው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ምልክቱን የሰጠው የገዛ ታሪኩ ነው።

ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚሠራው ለመውጫ እንጂ ርከኖቹን ለመቍጠር አይደለም። እኛ ግን ርከኖቹን ቈጥረን አራት ናቸው ብለን ከታች ቆመን ነበርና፥ ከኋላችን የሚመጡት ተማሪዎች እንዲወጡበት እንመኛለን። ያቺን የድሮ ደብዳቤ ግልባጭ እስከ ዛሬ በመሳቢያችን አኑረናታል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ጽሑፍ ረቂቅ በቀረበልን ቍጥር አስቀድመን አውጥተን እንመለከታታለን፤ ከዚያም ብዕራችንን አንሥተን፥ የምንጽፈው ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይሰማው ይሆን? ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን።